አንቀጽ አርባ ሦስት

ነገሩ ከመለወጡ በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ሰባት ነበሩ። ድረ ገጽ መሥራት ለሚማር ሰው ሁሉ በነጻ የተከፈተ አንድ ትልቅ የመማሪያ ሰነድ አለ፤ እነሱ ገጾቹን ወደ ቋንቋቸው ይመልሳሉ፣ ያረጁትን ምሳሌዎች ያድሳሉ፣ የተሳሳቱትን ያርማሉ። እስከዚያ ድረስ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ገጽ ጨርሰዋል። ከእነዚህ ስልሳ አንዱን የጻፈችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ከስልሳ አንዱ ሃምሳ ስምንቱን የገመገመው መሐንዲሱ ነው። ሁለቱ ከሥራው ውጭ ስለሆነ ነገር ፊት ለፊት የተነጋገሩት በአሥራ አራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ልብስ ሰፊዋ ሦስቱንም ቃል በቃል ታስታውሳቸዋለች።

የመጀመሪያው ስለ ዝናብ ነበር። ሁለተኛው ስለ መስኮት፤ "ብርዱ አላስቸገረሽም?" ብሏት "ኧረ ምንም አላለኝም" ብላዋለች፤ ብርዱ ግን አጥንቷ ድረስ ዘልቆ ነበር። ሦስተኛው ስለ ኮቱ ነው።

"የግራ እጅጌህ ረዝሟል" አለችው ያኔ፣ ወረቀት ስታቀብለው።

"ሁለቱም እኩል ናቸው። ለክቼአቸዋለሁ።"

"እጅጌዎቹማ እኩል ናቸው። የማይተካከሉት እጆችህ ናቸው። ግራህ በአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ታጥራለች።"

መሐንዲሱ ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ለአፍታ ተመለከታቸው። "ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ግራዬ አንድ ቀን አልነገረችኝም" አለ። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑ እሷ ላይ ከሚገባው በላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆየ። ልብስ ሰፊዋ የዚያን ቀን ቤቷ የደረሰችው በየትኛው መንገድ እንደሆነ አታውቅም።

የሚገናኙት ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለው አዳራሽ ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንዱ እግሩ የሚነቃነቅ፣ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ። የቡድኑ መሪ ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን የሐኪም እጅ ጽሑፍ ሲፈቱ ስለኖሩ ግልጽ ያልሆነ ዓረፍተ ነገር ሲያዩ ደማቸው ይፈላል። ከእሳቸው ቀጥሎ ምላሷ የማይታገሥ የሒሳብ አስተማሪ አለች። ልብስ ሰፊዋን "መርፌ" ብላ የሰየመቻት እሷ ናት፤ የተሳሳተ ቦታ ካገኘች ሳትወጋ አታልፍምና።

መርፌ ወደዚህ ሥራ የገባችው በአባቷ ስፌት ቤት ምክንያት ነው። ደንበኞች የሚለኩበትን ቀን አስቀድመው የሚይዙበት ድረ ገጽ ልሥራ ብላ ተነሣች፤ ማንም አላስተማራትም፣ ከሰነዱ እያነበበች ሞከረች። ደንበኛው ስሙንና ቀኑን የሚሞላበት ፎርም አዲስ ስልክ ላይ ይሠራል፣ የቆየ ስልክ ላይ እምቢ ይላል። ሁለት ሳምንት ጥፋቱን ከራሷ ፈለገች። በመጨረሻ ጥፋቱ የሰነዱ ምሳሌ እንደሆነ አረጋገጠች፤ አንድ መስመር አርማ ላከች። በሁለተኛው ቀን ከማታውቀው ሰው አንድ አስተያየት ደረሳት፦ "በስንት ዓይነት ስልክ ሞከርሽው?" "በአራት" አለች፤ የአባቷን፣ የጎረቤቱን፣ የሁለት ደንበኞችን። "እኔ በሁለት ብቻ ነበር የሞከርኩት። ትክክል ነሽ" ሲል መለሰላት። መሐንዲሱ እሱ ነው። ከዚያ በፊት ከተማረ ሰው አፍ "ትክክል ነሽ" የሚል ቃል ደርሷት አያውቅም።

የሥራው ደንብ አጭር ነው። ማንም የራሱን ገጽ ራሱ አያወጣም፤ ሌላ ሰው አንቀጽ በአንቀጽ አንብቦ በየመስመሩ ጎን አስተያየቱን ይጽፋል። ጸሐፊው ይመልሳል፣ ያስተካክላል። ሁሉም በግልጽ ነው፤ የፈለገ ሰው ገብቶ ያነበዋል። ልብስ ሰፊዋና መሐንዲሱ የስልክ ቁጥር አልተለዋወጡም፣ ሻይ ቤት አልተቀመጡም። ነገር ግን በየሁለት ቀኑ፣ በየአንቀጹ ጎን፣ ይጻጻፋሉ። "ይህን ቃል ለምን መረጥሽው?" ይላታል። "ከእጅ ስለማያመልጥ" ትለዋለች። "ወድጄዋለሁ" ይላል። ቃሉን ነው የወደደው። እሷም ያን ታውቃለች፤ ማወቋ ግን ፈገግታዋን አላስቀረውም።

ማክሰኞ ዕለት ትልቁን ገጿን ላከችለት። ስለ ፎርም ነው፤ አርባ ሦስት አንቀጽ። አራት ወር ለፍታበታለች። የመጨረሻው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ "ሰውየው ፎርሙን ሲልክ፣ መላኩን የሚያውቅበት ምልክት አሳዩት። ሳይላክለት የተላከ የመሰለው ሰው፣ የማይመጣ መልስ ሲጠብቅ ይኖራል።"

ሁለት ቀን አለፈ። አንድ ሳምንት አለፈ። ከመሐንዲሱ ድምፅ የለም። ቅዳሜም አልመጣም፤ ኩባንያው ለሥልጠና ወስዶታል ተባለ። ሁለተኛውም ቅዳሜ እንደዚያው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፍታ ከገጹ ግርጌ ጻፈች፦ "ጊዜ ካጠረህ ለሌላ ገምጋሚ ልስጠው? ቅር አይለኝም።"

መልሱ በማግሥቱ መጣ። "እንደፈለግሽ ይሁን። እኔም ቅር አይለኝም።"

ስምንት ጊዜ አነበበችው። እንዲህ ያለ ደረቅ ዓረፍተ ነገር ጽፎላት አያውቅም። ለሌላ ገምጋሚ አልሰጠችውም፤ መልሳም አልጻፈች። ላፕቶፑን ዘግታ፣ ቀኑን ሙሉ የሱሪ ጫፍ ስታጥፍ ዋለች።

ሦስተኛው ቅዳሜም ያለ እሱ አለፈ። ረቡዕ ጠዋት አንዲት ሴት ሁለት ኮት ክንዳቸው ላይ ጥለው ስፌት ቤቱ ገቡ። ቀጥ ያሉ፣ ጸጉራቸው በሥርዓት የታሰረ፤ ከአነጋገራቸው የሰው ልጅ ሁሉ ተማሪያቸው ይመስላል። ርእሰ መምህርት እንደሆኑ ለመናገር ሁለት ደቂቃም አልፈጀባቸው።

"የአዲሱን ኮት እጅጌ አሳጥሪልኝ፣ አንቺ ልጅ። ሁለቱንም እኩል። አሮጌውን ለልክ አምጥቼልሻለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ አሮጌውን ኮት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አመድማ ነው። ሦስተኛው ቁልፍ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። አሥራ አራት ወር፣ ከጠረጴዛ ማዶ ሆና፣ ያን ሰማያዊ ክር ስታየው ኖራለች።

"እትዬ፣ ግራው ከቀኙ በአንድ ሳንቲም ተኩል ማጠር አለበት።"

ወይዘሮዋ ቅንድባቸውን አነሡ። "ገና ሜትር ሳትዘረጊ በምን አወቅሽ?"

"ያሮጌው ግራ እጅጌ ነው ጫፉ የተበላው። ከጠረጴዛ ጋር ሲፋተግ የኖረው እሱ ብቻ ነው።"

የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው፤ እውነቱን ሁሉ ግን አልተናገረችም። ወይዘሮዋ እጅጌውን አገላብጠው አዩት፤ በልጅቷ መደነቃቸውን ሊደብቁ ሞከሩ።

"የልጄ ነው። እስከ ዓርብ ይድረስልኝ፤ በመጪው ሳምንት ይሄዳል። ሩቅ አገር፣ ትልቅ ኩባንያ፣ ሁለት ዓመት።"

"እንኳን ደስ ያለዎት።"

"እንኳን አብሮ ደስ አለን። እሱማ ዕረፍቱን ሁሉ ቤተ መጻሕፍት ከማንም ጋር ተጎልቶ በነጻ ሲለፋ ነበር። እንኳን ከዚያ ተገላገለ።"

"ከማንም ጋር?"

"ከማንም! አንድ ጡረተኛ፣ አንዲት ምን፣ የሥራ ፈት ጥርቅም። መሐንዲስ ልጅ የወለድኩት ለዚያ ነው?"

ልብስ ሰፊዋ ስፒሉን ትክክለኛ ቦታው ላይ ሰካችው። ከጫፍ ሦስት ሳንቲም፣ ከስፌቱ ግማሽ። እጇ አልሳተም። ወይዘሮዋ ሲወጡ "ደህና ይዋሉ" አለች፣ በሩንም ራሷ ከፈተችላቸው።

ዓርብ ዕለት አባቷ ከመነጽራቸው በላይ ሲያዩዋት ቆዩ። አርባ ዓመት የሰው ትከሻ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የገዛ ልጃቸው ትከሻ ሲወርድ አይስቱትም።

"ያን ኮት ሁለት ጊዜ ተኮስሽው" አሉ።

"ተጨማዶ ነው፣ አባባ።"

"አዲስ ኮት ነው፣ ልጄ።"

አባቷ አልደገሙም፤ ካውያውን ከእጇ ወሰዱና ማስቀመጫው ላይ አቆሙት። ልብስ ሰፊዋ አባቷን እንደዚያን ዕለት ወዳቸው አታውቅም።

አራተኛው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መሐንዲሱ አዲሱን ኮት ለብሶ ከች አለ። እጅጌዎቹ ሁለቱም አንጓው ላይ ልክ አረፉ። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ያየችው እጅጌዎቹን ነው፤ ፊቱን ለማየት ጊዜ ወሰደባት። ከስቷል።

"ኧረ ጉድ! ሙሽራ መስለሃል" አለች የሒሳብ አስተማሪዋ። "ማን ናት ዕድለ ቢሷ?"

"ልሰናበታችሁ ነው የመጣሁት" አለ፣ ቀልዱን ሳያነሣው። "የያዝኳቸውን ገጾች ላስረክብ።"

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። "መሄድህ አይቀርም ማለት ነው?"

"እስከ ስድስት ሰዓት ፈርሜ ካልላክሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ዛሬ እፈርማለሁ።"

"እንግዲህ ምን ይደረግ። አንድ በአንድ አስረክብ። የፎርሞቹ ገጽ የመርፌ ነው፤ ከእሷ ጋር ቁጭ በልና ጨርሱት። በሌላ ሰው አፍ እንዳይሆን፤ የሐኪም ትእዛዝ በሰው ሲላክ ምን እንደሚመጣ አይቻለሁ።"

ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ካርቶን በተደገፈው እግር በኩል፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በመካከላቸው አንድ ወንበር የሚያህል ቦታ ተዉ።

"እንኳን ደስ ያለህ" አለችው።

"ለምኑ?"

"ለሥራው። እናትህ ነገሩኝ። ኮትህን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።"

እጅጌውን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። "ለዚህ ነው ልክ የሆነው" አለ ቀስ ብሎ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ምንም ማለት አይጠበቅብሽም። ዝምታሽ ገብቶኛል። የተቀየምኩሽ እንዳይመስልሽ።"

"የእኔ ዝምታ?" ንዴት መጣባት። "ዝም ያልከው አንተ ነህ! አራት ወር የለፋሁበትን ገጽ ሃያ አምስት ቀን አላየኸውም። አልፈልግም ማለት ይቻል ነበር።"

"አላየኸውም?" መሐንዲሱ ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ። "አሥራ ሁለት አስተያየት ጽፌበታለሁ።"

"አንድም አልጻፍክም።"

"አሥራ ሁለት!"

"እንደፈለግሽ ይሁን የሚል አንድ መስመር። እሱን አንብቤአለሁ። ስምንት ጊዜ!"

የሒሳብ አስተማሪዋ ከማዶ ሆና ጆሮዋን ጣለች። ጋሼም ማንበብ ያቆሙ ይመስላሉ። መሐንዲሱ ቦርሳውን ከፈተ፣ ላፕቶፑን አወጣ፣ ገጹን ከፍቶ ወደ እሷ አዞረው። "ይኸው" አለ። "ቁጠሪያቸው።"

ልብስ ሰፊዋ ቆጠረች። አሥራ ሁለት ናቸው። ከአንቀጽ ሁለት ይጀምራሉ፤ የመጨረሻው አንቀጽ አርባ ሦስት ጎን ነው። በእያንዳንዳቸው ራስ ላይ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቢጫ ምልክት አለች። ስፌት የሳተ ክር ከሩቅ የምታይ ዓይን ቢጫውን አልዘለለችውም። ምልክቷ ላይ የተጻፈው "ያልተላከ" ነው።

ይህን ስሕተት ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም። በመጀመሪያው ወሯ ዘጠኝ አስተያየት ጽፋ፣ መጨረሻ ላይ "ግምገማውን ላክ" የሚለውን ቁልፍ ሳትጫን፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ መልስ ስትጠብቅ ነበር። ለጻፈው ሰው ሁሉም ነገር በቦታው ያለ ይመስላል፤ ለሌላው ሰው ገጹ ባዶ ነው። መሐንዲሱ ነው ያኔ የደረሰላት፤ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ብሎም በበጎ ፈቃደኞቹ መመሪያ ላይ ስድስተኛውን ደረጃ ጨመረ፦ "ሳትልኩ አትነሡ።"

"ደረጃ ስድስት" አለች ልብስ ሰፊዋ።

መሐንዲሱ ጎንበስ ብሎ አየ። ቢጫውን ሲያይ ፊቱ ላይ ያለው ደም ሁሉ የት እንደሄደ አይታወቅም።

"ደረጃ ስድስትን ማን ነበር የጻፈው?" አለች የሒሳብ አስተማሪዋ፣ ለማንም ሳይሆን።

"ዝም በይ አንቺ" አሉ ጋሼ።

"አሥራ አንዱን ጽፌ አሥራ ሁለተኛውን እንደጨረስኩ…" አለ መሐንዲሱ፣ አፉ እየተሳሰረ። "ፈራሁ። የላፕቶፑን ክዳን ገጥሜ ከቢሮ ወጣሁ። ስመለስ ሁሉም ቦታው ላይ ነበር። የላክሁት መሰለኝ። መልስ ጠበቅኩ። ከዚያ አንቺ 'ለሌላ ገምጋሚ ልስጠው?' አልሽኝ። መልስሽ እሱ ነው አልኩ።"

"የምን መልስ? አሥራ ሁለተኛው ምን ይላል?"

እጁ ወደ ክዳኑ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ቀደመችው፤ መዳፏን በላፕቶፑ ጠርዝ ላይ አኖረች።

"አትግጠመው።"

"አሁን ጊዜው አልፏል።"

"ስድስት ሰዓት አልሆነም።"

"ያልተላከ ነገር የጸሐፊው ነው" አለ። "ደንቡ እንደዚያ ይላል።"

"ደንቡን አውቀዋለሁ። እንግዲያው አላነበውም።" ዓይኗን ከስክሪኑ አንሥታ ዓይኑ ላይ አሳረፈችው፤ በአሥራ አራት ወር ውስጥ አንዳቸውም ያልሰበሩት የመጀመሪያው ዓይን ለዓይን መተያየት ነው። "ላከው።"

"ሰው ሁሉ እያየ?"

"እስከ ዛሬስ ሰው ሁሉ እያየ አይደለም እንዴ የተነጋገርነው? በአደባባይ ልትጽፈው ደፍረህ ነበር። በአደባባይ ላከው።"

"እምቢ ብትዪኝስ?"

"እምቢ እላለሁ። ቢያንስ የተጠየቅኩትን አውቄ እምቢ እላለሁ። ሃያ አምስት ቀን ሙሉ ሰው ያልጠየቀኝን ነገር ስመልስ ኖርኩ፤ በቃኝ!"

ድምጿ ከፍ ብሎ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በበሩ ብቅ አለች፤ ጋሼ በእጃቸው "ተይ፣ ሕመምተኛ አለ" የሚል ምልክት ሰጥተው መለሷት። መሐንዲሱ ጣቱን ቁልፉ ላይ አደረገ። ግራ እጁ ነበር፤ አጭሯ። ተጫነ። አሥራ ሁለቱ ቢጫዎች በአንድ ጊዜ ጠፉ።

ልብስ ሰፊዋ በእሱ ስክሪን አላነበበችም። ተነሥታ ከጠረጴዛው ማዶ ወደሚገኘው ቦታዋ ሄደች፣ የራሷን ላፕቶፕ ከፈተች፣ ከአንደኛው ጀመረች። ወደ አሥራ ሁለተኛው ዘልላ መሄድ ትችል ነበር፤ አልዘለለችም። ገጽ ከመጀመሪያው ነው የሚነበበው። መሐንዲሱ ማዶ ቆሞ፣ አዲስ ኮቱን ቁልፍ ሲፈታና ሲቆልፍ፣ ፊቷን ያነብ ነበር።

በአንቀጽ ሁለት ላይ፦ "ግልጽ ነው።" በአንቀጽ ሰባት፦ "ይህ ምሳሌ የረዘመ አይመስልሽም? ለሁለት ቢከፈል።" በአንቀጽ አሥራ ዘጠኝ፦ "ይህን በስንት ስልክ ሞከርሽው? ስድስት እንደምትዪኝ አውቃለሁ።" ሰባት ነበር። በአንቀጽ ሠላሳ፦ "እዚህ ቆም ብዬ ሻይ ጠጣሁ፤ ቶሎ እንዳያልቅብኝ።"

በአንቀጽ አርባ ሦስት ላይ ይህ ተጽፏል፦

"በዚህ አንቀጽ ላይ ጥያቄ የለኝም። ከሁሉም የሚበልጥ እሱ ነው። ያለኝ ጥያቄ ስለ ገጹ አይደለም፤ ከአንቺ ጋር የማወራበት ሌላ ቦታ ስለሌለኝ እዚሁ እጽፈዋለሁ። ሩቅ አገር የሁለት ዓመት ሥራ ሰጥተውኛል። እናቴ ሻንጣ ገዝታለች፤ እኔ ግን አልፈረምኩም። የመጨረሻው ሰዓት ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ነው። ያለሁበትን ሥራ ይዤ መቅረትም እችላለሁ። ሥራው ቢቀርብኝ አይቆጨኝም፤ የሚቆጨኝ ሳልጠይቅሽ መሄዴ ነው። አሥራ አራት ወር ጽሑፍሽን አንብቤአለሁ። ያልሞከርሽውን ሞከርኩ፣ የማታውቂውን አውቃለሁ ብለሽ ጽፈሽ አታውቂም። እንደዚህ ያለ ሌላ ሰው አላገኘሁም፤ ራሴንም ጨምሬ። አባትሽን ላነጋግር ብመጣ ፈቃድሽ ነው? አዎ ካልሽኝ እቀራለሁ። አይሆንም ካልሽኝ፣ ወይም ዝም ካልሽኝ፣ እሄዳለሁ፤ ስለ ገጾቹ ግን እንደ ድሮው እንጻጻፋለን።"

ዓይኗ ሞላ። መሀረብ ፈልጋ ያገኘችው በኪሷ ውስጥ የነበረውን የገበር ቁራጭ ነው፤ በእሱ አበሰችው። ከዚያ ጣቶቿን አዘጋጀችና ከአስተያየቱ ሥር ጻፈች። ጽፋ ስታበቃ አንድ ጊዜ አነበበችው። የመላኪያ ቁልፉን ተጫነች። መላኩን የሚያሳየው አረንጓዴ ምልክት እስኪበራ ድረስም ጣቷን አላነሣችም።

ከማዶ የመሐንዲሱ ላፕቶፕ ድምፅ አሰማ።

"አዎ። ነገ ከሰዓት በኋላ አባቴ ቤት ናቸው። ይህንኑ ኮት ለብሰህ ና። በአንቀጽ ሰባት ላይ ያልከውን ግን አልቀበልም፤ ምሳሌው ቢከፈል ይበጠሳል።"

መሐንዲሱ እስከ መጨረሻው አነበበ። ቀና ብሎ "አንቀጽ ሰባት እንዳለ ይሁን" ሊል ፈልጎ ነበር፤ "አንቀጽ" ከሚለው አላለፈም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሁለት እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ። ልብስ ሰፊዋ በመካከላቸው የነበረውን ርቀት ተሻገረች።

"አለቀስክ?" አለችው፣ በጆሮው አቅራቢያ።

"እያጣራሁ ነው" አለ።

ሥራውን እንደማይቀበል የሚገልጸውን ደብዳቤ በአምስት ሰዓት ተኩል ላከ። ከመላኩ በፊት ጋሼ አንብበው አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀየሩት። መላኩንም ሰባቱም ቆመው አረጋገጡ።

እናቱ ሦስት ሳምንት አላነጋገሩትም። በአራተኛው እሑድ ግን ሳይጠሩ ስፌት ቤቱ መጡ። አባትየው ወንበር አቀረቡላቸው፤ አልተቀመጡም። ከስፌት መኪናው ኋላ ያለችውን ልጅ ሲያዩ ቆዩ።

"ያን ቀን በምን አወቅሽ ብዬሽ ነበር።"

"ብለውኝ ነበር፣ እትዬ።"

"እጅጌው ስለተበላ ነው አልሽኝ።"

"እሱም አለበት። የቀረው ግን… አሥራ አራት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ አይቼው ነው።" ቀና አለች። "ያ 'ማንም' ያሉት እኔ ነኝ።"

ርእሰ መምህርቷ ቀስ ብለው የቀረበላቸውን ወንበር ያዙና ተቀመጡ።

"የኔም ቀሚስ አንዱ ትከሻ ይወርዳል" አሉ። "ሃያ ዓመት ሙሉ የሰፊ ጥፋት ነው እያልኩ ኖሬአለሁ።"

"ይነሡ እስቲ" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ።

የፎርሞቹ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠነኛ ሆኖ ወጣ፤ አንቀጽ ሰባት እንዳለ ነው። መሐንዲሱ ጥያቄውን ከጻፈ እስኪልከው ድረስ ሃያ ሁለት ቀን ሊሞላ ሁለት ሰዓት ብቻ ቀርቶት ነበር። የገጹ ታሪክ ግን የተላከውን እንጂ የተጻፈውን አይመዘግብም። በዚያ መዝገብ ላይ ጥያቄው የገባው ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ደቂቃ ላይ ነው። መልሱ የተሰጠው አራት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው አራት ደቂቃ ነው።